ጠጕራቸውን የተቈረጡ ሙዚቀኞችና የተቈጡ ወዳጆቻቸው

ትምህርቱን በአሜሪካን አገር በቨርጂኒያ ጨርሶ የተመለሰና በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ከያዘ ገና ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት ወዳጅ አለን። ባለፈው ሰሞን ቤቱ ድረስ ጠርቶ ቡና ሲጋብዘን በመደርደሪያው ላይ በሥርዓት የቆሙትን የሙዚቃ ሸክላዎች እያየን ስንደነቅ፣ ሜታሊካ የሚባለው ባንድ ያወጣቸው አራት ሸክላዎች ብቻ ተለይተው በክብር መቀመጣቸውን ተመለከትን። «ይህ ባንድ ከአርባ ዓመት በላይ የሠራ ነው ይባላል፤ የቀሩት የት ደረሱ?» ብለን ብንጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠና «ጋሼ፣ ሜታሊካ እኮ በ1988 ሞቷል፤ ከዚያ ወዲህ በስሙ የሚነግዱት ሌሎች ሰዎች ናቸው» ሲል መለሰልን። ባንዱ ሞተ ከሚልበት ዓመት ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ እርሱ ራሱ መወለዱን ብናስታውሰውም ሐዘኑ አልቀነሰለትም።

የዚህ ወጣት ሐዘን የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእሑድ ዓምዳችንን ባልያዝንበት ነበር። ነገር ግን ሄቪ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች በየአገሩ የሚያነሡት ክስ ይኸው ነው፤ ይኸውም «የምንወደው ባንድ የአሠራሩን መንገድ ለወጠ፤ ስለዚህ ከዳን» የሚል ነው። ለመሆኑ ሙዚቀኛ የአሠራሩን መንገድ ቢለውጥ የሚከዳው ማንን ነው? አድማጭስ ዋጋውን ከፍሎ ሸክላውን ወደ ቤቱ ከወሰደ በኋላ በሙዚቀኛው ላይ የሚቀርለት መብት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ዛሬ ጥቂት ልናብላላው እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሄቪ ሜታል የሚለው ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «ከባድ ብረት» ማለት ነው። ስሙ ከየት እንደ መጣ ብዙ ክርክር አለበት፤ ሙዚቃው ግን ከብረት ጋራ እውነተኛ ዝምድና አለው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ቶኒ አዮሚ የተባለ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በአንድ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ፣ ሥራውን ለቆ ሊወጣ በተነሣበት በመጨረሻው ቀን መኪናው የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቈረጠው። ልጁ ግራኝ ስለ ነበረ የተቈረጡት ጣቶች የጊታሩን አውታር የሚጫኑት የቀኝ እጁ ጣቶች ነበሩ። እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፤ ኋላም አውታሮቹ እንዳያሳምሙት ላላ አድርጎ መቃኘት ጀመረ። አውታሩ ሲላላ ድምፁ ወፈረና ከበደ። ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንዱ የመጀመሪያውን ሸክላ በየካቲት ወር 1970 ሲያወጣ ዛሬ ሄቪ ሜታል የምንለው ነገር ተጀመረ የሚሉት ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ሙዚቃው ራሱ አንድ ሰው እንደ ድሮው መጫወት ስላልቻለ የመጣ ነው። «ምንም አይለወጥ» ብለው የሚጮኹ ወዳጆቹ ይህን ቢያስቡት መልካም ነበር።

ነገር ግን ወዳጆቹ ለምን ይህን ያህል እንደሚቈጡ ሳንረዳ ብንፈርድባቸው ግፍ ይሆንብናል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካን አገር ይህን ሙዚቃ በፍጥነትና በቊጣ መጫወት የጀመሩ ወጣቶች ተነሡ። አብዛኞቹ የራዲዮ ጣቢያዎች አላሰሟቸውም፤ ታላላቆቹ የሸክላ ኩባንያዎችም ዘወር ብለው አላዩአቸውም። ታዲያ ሙዚቃው ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከአገርም ወደ አገር የተጓዘው በወዳጆቹ እጅ ነው። አንዱ ወጣት የተቀበለውን ካሴት በሌላ ካሴት ላይ ገልብጦ በፖስታ ቤት በኩል ጨርሶ ወደማያውቀው ሰው ይልካል፤ ያም ሰው በፈንታው ሌላ ካሴት ይልክለታል። ሜታሊካ በሐምሌ ወር 1982 ሰባት ዘፈኖች የቀዳበት ካሴት የዞረው በዚህ መንገድ ነው። ካሴቱ በኒው ጀርዚ ሸክላ ይሸጥ ከነበረ ከጆን ዛዙላ እጅ ገባና ሰውዬው ልጆቹን ከካሊፎርኒያ ድረስ አስጠራቸው፤ የሚያሳትምላቸው ኩባንያ ቢያጣም ራሱ ኩባንያ አቋቁሞ በ1983 የመጀመሪያውን ሸክላቸውን አወጣላቸው። ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክና ድምፃዊው ጄምስ ሄትፊልድ ያን ጊዜ ሁለቱም የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበሩ።

እንግዲህ ካሴቱን የገለበጠው፣ የፖስታውን ዋጋ የከፈለው፣ በትምህርት ቤት «ይህ ጩኸት ምንድን ነው?» እየተባለ የተሣቀበት ወጣት ባንዱን እንደ ተራ ዕቃ የገዛው ነገር አድርጎ አይመለከተውም። እንዳሳደገው ልጅ ይቈጥረዋል እንጂ። በጃኬቱ ጀርባ ላይ ስሙን የሰፋው፣ ጠጕሩን እንደ እነርሱ ያሳደገው፣ በዚህም ምክንያት ከአባቱ ጋራ የተጣላው ለዘፈን ብቻ ብሎ አልነበረም። ብቻውን በነበረበት ጊዜ ማኅበር ሰጥተውታል። ስለዚህ ባንዱ በማለዳ ተነሥቶ ሌላ ልብስ ለብሶ ቢያገኘው «ከማኅበሩ ወጡ» ይላል እንጂ «ልብስ ለወጡ» አይልም። የክሱ ሥር ከዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ክሱ የተጀመረውም ባንዱ ገና ሳይከብር ነው። በ1984 ባወጡት በሁለተኛው ሸክላ ላይ በለስላሳ ጊታር የሚጀምር አንድ ቀዝቃዛ ዘፈን ቢያስገቡ አንዳንድ ወዳጆቻቸው በዚያን ጊዜ ሳይቀር «ለገንዘብ ተሸጡ» አሏቸው። ያ ዘፈን «ፌድ ቱ ብላክ» የሚባለው ነው፤ ዛሬ በወዳጃችን መደርደሪያ ላይ በክብር ከቆሙት ሸክላዎች በአንዱ ውስጥ ይገኛል። የትናንቱ ክዳት የዛሬው ቅርስ ሆኖ ማየት ለኛ እጅግ የሚያስገርም ነው። ሦስተኛው ሸክላ በ1986 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ባንዱ በስዊድን አገር ሲጓዝ አውቶቡሱ ተገለበጠና ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ክሊፍ በርተን ሞተ። በ1988 የወጣው አራተኛው ሸክላ ዘፈኖቹ ረጃጅምና ውስብስብ ናቸው፤ የሸክላውን ስም የያዘው ዘፈን ወደ ዐሥር ደቂቃ ይደርሳል። የቪዲዮ ሥዕል ላለመሥራት ሲከላከሉ የኖሩትም ሰዎች ከዚያ ሸክላ ለወጣ ለአንድ ዘፈን በ1989 የመጀመሪያውን ሠሩ።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1991 ነው። ባንዱ ቦብ ሮክ የተባለውን የቀረጻ አለቃ ቀጠረ፤ ይህ ሰው አስቀድሞ ሞትሊ ክሩ ከሚባለው፣ የሜታሊካ ወዳጆች በጸጕር ቅባቱና በአጊያጊያጡ ከሚንቁት ባንድ ጋራ የሠራ ነበር። ከጥቅምት 1990 እስከ ሰኔ 1991 ድረስ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ተዘግተው ሠሩ። የተለወጠውን ነገር በጆሮ መለየት አያስቸግርም። ፍጥነቱ ቀነሰ፤ ዘፈኖቹ አጠሩ፤ ዐሥር ልዩ ልዩ የጊታር ሐረግ በአንድ ዘፈን ውስጥ ማጨቅ ቀርቶ አንዱን ሐረግ ይዞ ደጋግሞ ማስገባት ተለመደ። ከበሮው እንደ ግንብ ቆመ። ይጮኽ የነበረው ሰው መዝፈን ጀመረ፤ አንዱን የፍቅር ዘፈን እንኳ ማይክል ኬመን ያዘጋጀው የኦርኬስትራ አጃቢ ገባበት። ሽፋኑ ጥቁር የሆነው ይህ ሸክላ በአሜሪካን አገር ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ቀላል ማድረግ ቀላል ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ገጽ ማመልከቻ በአምስት መሥመር አሳጥሮ ይጻፍና ይሞክረው። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣት ጸሐፊዎች የምንለውን ያውቁታል። በኛ አስተያየት የ1991ዱ ሸክላ የስንፍና ሥራ አይደለም። ወጣቱ ወዳጃችን ግን «ቀላል ካደረጉት ሁሉም ሰው ይሰማዋል፤ ሁሉም ሰው ከሰማው ደግሞ የኛ መሆኑ ይቀራል» አለን። ይህን ያለው በቅንነት ነው፤ እኛም የቅሬታው እውነተኛ መልክ ይህ ስለ መሰለን እንዳለ ጻፍነው። የሚያስቈጣው የሙዚቃው መለወጥ ብቻ ሳይሆን በበሩ የገባው ሕዝብ ብዛት ነው። ትናንት በትምህርት ቤት ግቢ የሣቀበት ልጅ ዛሬ ያንኑ ባንድ ስም በሸሚዙ ላይ አትሞ ሲመጣ ማን ደስ ይለዋል?

ከዚያ በኋላ በ1996 የሆነው ነገር የባሰ ነበር። ባንዱ አዲስ ሸክላ ሲያወጣ ሰዎቹ ጠጕራቸውን ተቈርጠው፣ አንዳንዶቹ ዐይናቸውን ተኵለው በፎቶግራፍ ቀረቡ። የታወቀው የስማቸው አጻጻፍ እንኳ ጫፎቹ ተከርክመው ተለወጠ። ሙዚቃውም ወደ ብሉዝና ወደ ተራው ሮክ አዘነበለ። ወዳጆቹ በጠጕሩ ነገር ያሰሙት ጩኸት በሙዚቃው ከተሰማው አያንስም፤ ሄትፊልድም ራሱ ቆይቶ ያ የፎቶግራፍ ትርኢት ከልቡ እንዳልነበረና ጓደኞቹን ተከትሎ እንደ ገባበት ተናግሯል። በዚያው ዓመት ሎላፓሉዛ በሚባለው ተዘዋዋሪ የሙዚቃ በዓል ላይ ዋናውን ቦታ ቢሰጧቸው ደግሞ የዚያኛው ወገን አድማጮች «እነዚህ የብረት ሰዎች በኛ ቤት ምን ይሠራሉ?» ብለው አጕረመረሙ። ከአሮጌው ቤት ወጥቶ በአዲሱ ቤት በር ላይ የሚቆም ሰው የሚደርስበት ነው።

የወዳጆቹ ክስ ጥርስ አለው የምንለው ግን ከዘፈን ውጭ በሆነ ጉዳይ ነው። በ2000 ዓመት ናፕስተር የሚባል፣ ሰዎች ሙዚቃን በኮምፒዩተር በነጻ የሚለዋወጡበት ድርጅት ነበረ። ሜታሊካ ይህን ድርጅት በፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ዘፈኖቹን ተለዋውጠዋል የተባሉ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ስም ዝርዝር በወረቀት ታትሞ በሣጥን ተሞልቶ ቀረበ። በሕግ ረገድ ከተመለከትነው ባለቤት ንብረቱን መጠበቁ ነውር አይደለም፤ የደራሲና የሙዚቀኛ ድካም በየሜዳው ሲበተን ዝም ይባል የሚል አሳብም የለንም። ነገር ግን ካሴት እየገለበጡ ያሳደጓቸው ሰዎች በዚያ ዝርዝር ውስጥ ራሳቸውን ወይም ወንድሞቻቸውን ባዩ ጊዜ ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያዳግትም። የገለበጠው እጅ አንድ ነው፤ መሣሪያው ብቻ ተለወጠ። ጠጕር መቈረጥ መብት ነው፤ ያሳደገን እጅ መርሳት ግን ሌላ ነገር ነው።

በ2003 የወጣው ሸክላ ደግሞ የጊታር ሶሎ ጨርሶ የሌለበት፣ ከበሮውም እንደ ጣሳ የሚጮኽ ሆነ። በዚህ ላይ ከወዳጃችን ጋራ አልተከራከርንም፤ ጆሮአችንም አልቻለውም። በ2008 ባንዱ ወደ ፈጣኑና ወደ ረጃጅሙ ዘፈን ሲመለስ ግን ብዙዎቹ ተቈጪዎች «መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ እንደ ድሮው አይደለም» አሉ። እንዴት እንደ ድሮው ይሆናል? በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በዓለም ሁሉ ላይ የተቈጣ ልጅ በአርባ አምስት ዓመቱ ሦስት ልጆች ወልዶ፣ ከመጠጥ ጋራ ታግሎ፣ ባለጠጋም ሆኖ ያንኑ ቊጣ ከየት ያመጣዋል? ቢያመጣውስ እውነተኛ ይሆናልን?

ለውጥ ሁሉ ግን አንድ ዐይነት አይደለም፤ ሁሉንም በጅምላ ማመስገንም ሞኝነት ነው። ሴልቲክ ፍሮስት የተባለው የስዊስ ባንድ ጨለማና እንግዳ በሆነ ሙዚቃ ስም ካወጣ በኋላ በ1988 ጠጕሩን አስውቦ በዘመኑ ገበያ ላይ የተወደደውን ዐይነት ሸክላ አወጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነና አሮጌዎቹ ወዳጆች ሸሹት፤ መሪው ቶም ፊሸርም ኋላ ያንን ሸክላ ሲነቅፍ ኖሯል። ጁዳስ ፕሪስት ደግሞ በ1986 የጊታር ሲንተሳይዘር የሚባለውን አዲስ መሣሪያ ይዞ ለስለስ ያለ ሸክላ ቢያወጣ ወቀሳ ወረደበት፤ በ1990 ግን ከዚያ በፊት ሠርቶት ከሚያውቀው ሁሉ የፈጠነና የከበደ ሸክላ ይዞ ብቅ አለ። የእንግሊዙ ፓራዳይዝ ሎስት በ1999 ጊታሩን ወደ ጓዳ ከትቶ በኤሌክትሮኒክ ድምፅ ሞከረ፤ ቀስ በቀስም ተመለሰ። የማይለወጡም አሉ። ከ1974 ጀምሮ ያንኑ የትምህርት ቤት ልጅ ቁምጣ የሚለብሰውን የኤሲዲሲን ጊታር መቺ ማንም «ለምን አልተለወጥህም?» ብሎ አልከሰሰውም። ይህም ያስገርመናል፤ በሌላው ሥራ ሁሉ ሃምሳ ዓመት አንድ ነገር የደጋገመ ሰው «ደከመ» ይባላልና።

ከሁሉ ይልቅ ለወጣት አንባቢዎቻችን እንድንናገር የምንወደው የስዊድኑን የኦፔዝን ነገር ነው። ይህ ባንድ ከጉሮሮ የሚወጣ አውሬ መሳይ ድምፅን ከለስላሳ ዜማ ጋራ እያፈራረቀ ታላቅ ስም አተረፈ። መሪው ሚካኤል ኦከርፌልት ከ2008 በኋላ ለአዲስ ሸክላ ሁለት ዘፈኖች በለመደው መንገድ ጻፈ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጓደኛው ማርቲን ሜንዴዝ ግን በዚሁ መንገድ ብንቀጥል ቅር ይለኛል ቢለው ሰውዬው ሸክም የወረደለት ያህል ሆነና ሁለቱንም ዘፈኖች ጥሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። በ2011 የወጣው ሸክላ የጉሮሮ ድምፅ የሌለበት፣ የ1970ዎቹን ሙዚቃ የሚያስታውስ ሆነ። ብዙ ወዳጆቹ አዘኑ፤ በየመድረኩም የቀድሞውን ድምፅ የሚለምኑ አልጠፉም። እርሱ ግን በዚያው መንገድ አራት ሸክላ አወጣ። በ2024 ያ ድምፅ በድንገት ተመልሶ መጣ፤ ታሪኩ ስለ አንድ የሞተ አባት ኑዛዜ ነበርና የአባቱን ቃል ለመናገር ድምፁ አስፈለገ። ለወዳጆች ልመና ሲባል ያልተመለሰው ነገር ሥራው ሲጠይቀው ተመለሰ።

እዚህ ላይ ፍርዳችንን ሳንሸሽግ እንናገር። ለገበያው ሲል የተለወጠውንና ለራሱ ሲል የተለወጠውን ባንድ የሚለየው የሽያጩ ብዛት አይደለም፤ ሴልቲክ ፍሮስት ለገበያው ሲሠራ ገበያውም አልተቀበለውም። ይልቁንስ የሚለየው «ይህን ሳትሠራ መኖር ትችል ነበርን?» ተብሎ ቢጠየቅ በሚሰጠው መልስ ነው። ይህን መልስ ደግሞ ከውጭ ሆኖ የሚሰማ አድማጭ ቶሎ አያገኘውም፤ ሦስትና አራት ጊዜ መስማት፣ አንዳንዴም ብዙ ዓመት መቈየት ያስፈልገዋል። የወዳጆቹ በደል መቈጣታቸው ሳይሆን ሳይሰሙ መቈጣታቸው ነው። በ1965 በኒውፖርት ከተማ ቦብ ዲላን ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ቢወጣ ተጮኸበት፤ በዓመቱም በማንቸስተር አዳራሽ ውስጥ አንድ አድማጭ ከይሁዳ ጋራ አስተካክሎ ጠራው። በዚያ ምሽት ያ ሰው ዘፈኑን ምን ያህል እንደ ሰማው ብናውቅ እንወድ ነበር።

አድማጭም እኮ ይለወጣል፤ ነገር ግን በርሱ ላይ የሚጮኽበት ሕዝብ የለም። በሃያ ዓመቱ ጃኬት ላይ የሰፋውን ስም በሠላሳ ዓመቱ ክራባት አስሮ ሲሸፍነው «ከዳህ» የሚለው የለም። ሙዚቀኛው ግን ፎቶግራፉ በየቤቱ ተሰቅሎ ስለሚኖር ከዚያ ፎቶግራፍ እንዲወጣ አይፈቀድለትም። በ2025 በሐምሌ ወር ብላክ ሳባዝ በበርሚንግሃም የመጨረሻውን ትርኢት ሲያሳይ ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን በዙፋን መሳይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ዐረፈ። በዚያ ቀን ሜታሊካም መጥቶ ተጫውቶ ነበር። ስታዲዮሙን የሞላው ሕዝብ ድምፁ እንደ 1970 አይደለም ብሎ አልተቈጣም።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ወዳጃችን ካተትንለት በኋላ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ አንድ ጥያቄ ጠየቅነው። «ለመሆኑ አንተ ሜታሊካን መጀመሪያ የሰማኸው የት ነው?» አልነው። ጥቂት ዝም አለና ፈገግ ብሎ በቨርጂኒያ ሳለ በቴክ ዩኒቨርሲቲ ስታዲዮም መሆኑን ነገረን። የዚያ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ቡድን፣ የአሜሪካኖቹ ዐይነት እግር ኳስ ማለታችን ነው፣ ከ2000 ጀምሮ ወደ ሜዳው የሚገባው «ኤንተር ሳንድማን» የሚባለው ዘፈን ሲሰማ ነው፤ ያን ጊዜ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አንድ ላይ ይዘላል። ወዳጃችንም ከአገሩ ርቆ በሄደበት በመጀመሪያው መጸው ማንንም ሳያውቅ በሕዝቡ መካከል ቆሞ አብሮ እንደ ዘለለና በዚያች ሌሊት የባንዱን ስም ፈልጎ እንዳገኘ አጫወተን።

«ኤንተር ሳንድማን» የ1991ዱ ሸክላ የመጀመሪያው ዘፈን መሆኑን እርሱም ያውቃል፤ እኛም አላነሣንበትም። «ታዲያ ሸክላው የለህም?» ብንለው ግን «አለኝ ጋሼ፤ በስልኬ ውስጥ ነው እንጂ በመደርደሪያው ላይ አላወጣውም» አለን።